ገንዘቡን ለመልቀቅ ትንሽ ክፍያ፦ የሁለት መቶ ዓመት ማታለያና እኔ

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። የታሪክ አስተማሪ ስለሆንኩ እዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የምጽፈው ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ነው። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ አንድ ማጭበርበሪያ ታሪክ ነው። በታሪኩ ውስጥ ደሞ እኔም አለሁበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ክረምት መግቢያ ላይ አከራያችን ኪራይ ጨመሩ፤ የስድስት ወሩንም በአንዴ ክፈሉ አሉን። በዲፕሎማ የሚያስተምር ሰው ደመወዝ ስንት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በዚያው ሰሞን ቴሌግራም ላይ አንድ ማስታወቂያ አየሁ፦ ለመንግሥት ሠራተኞች፣ ያለ ማስያዣ፣ ያለ ዋስ፣ በ24 ሰዓት ብድር። ሎጎ አለው፣ ማኅተም አለው፣ "ተበድረን ተጠቅመናል" የሚሉ ሰዎች አስተያየትም ከሥሩ ተደርድሯል። ፎርሙን ሞላሁ።

በማግስቱ "ውድ ደንበኛችን፣ የ150,000 ብር ብድርዎ ጸድቋል፤ ገንዘቡን ለመልቀቅ የኢንሹራንስ 4,500 ብር ያስገቡ" የሚል መልእክት መጣ። አስገባሁ። ቀጥሎ ሲስተም ማስከፈቻ ተብሎ 6,000 ብር ተጠየቅኩ። ይሄንን ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ተበድሬ ላክሁ። ሦስተኛው 7,800 ብር ነበር፣ የግብር ተብሎ። ካልከፈልኩ እስካሁን የላክሁትም እንደማይመለስ ነገሩኝ። እዚህ ጋ ነቃሁ ብላችሁ ደስ ባለኝ! አልነቃሁም፤ ከፈልኩ። በድምሩ 18,300 ብር። ከዚያ በኋላ ብሎክ ተደረግኩ፣ ነገሩ በዚያው አበቃ።

ሁለት ወር ሙሉ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፣ ለባለቤቴም ጭምር። ክረምቱን ቤት ቁጭ ብዬ "እኔ ብቻ ነኝ ወይ እንዲህ የተሞኘሁት?" እያልኩ ማንበብ ጀመርኩ። መልሱን ያገኘሁት በጣም ሩቅ ቦታ ነው።

ኧዤን ፍራንሷ ቪዶክ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። በወጣትነቱ እስር ቤት የተመላለሰ ወንጀለኛ፣ በኋላ ግን የፓሪስን የወንጀል ምርመራ ፖሊስ ያቋቋመና የመራ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ስለ ሌቦች አሠራር ባሳተመው መጽሐፍ "የኢየሩሳሌም ደብዳቤ" ስለሚባል ማታለያ ያወራል። ደብዳቤዎቹ ግን የሚጻፉት ከኢየሩሳሌም አይደለም፣ ከፈረንሳይ እስር ቤቶች ነው። ከ1789ኙ አብዮት በኋላ ብዙ መኳንንት ከአገር ሸሽተው ነበር። እስረኛው የአንድ መኳንንት አሽከር ነኝ ብሎ ለአንድ ሀብታም ይጽፋል፦ ከጌታዬ ጋር ስንሸሽ ወርቅና አልማዝ የያዘ ሳጥን ደብቀናል፤ አሁን ታስሬያለሁ፤ ትንሽ ገንዘብ ከላኩልኝ ሳጥኑ ያለበትን አሳይዎታለሁ። ቪዶክ እንደሚለው ከ100 ደብዳቤ 20ው መልስ ያገኝ ነበር። ይህን ሳነብ ትንሽ ቀለል አለኝ፣ ብቻዬን አይደለሁማ።

ደብዳቤው በዚያው አልቀረም፣ መልኩን ቀይሮ ድንበር ተሻገረ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ "የስፔኑ እስረኛ" በሚል ስም ገነነ። ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 20 ቀን 1898 የድሮው ማታለያ እንደገና መነሣቱን ጽፎ አንባቢዎቹን አስጠንቅቋል። አሜሪካና ስፔን በኩባ ጉዳይ ተፋጥጠው የነበሩበት ጊዜ ነው፤ ጦርነቱ የጀመረው በሚቀጥለው ወር ነው። ስለዚህ ስፔን ውስጥ አንድ ሀብታም ሰው ታስሯል ቢባል ማን ይጠራጠራል? እስረኛው የተደበቀ ገንዘብ አለው፣ ጠባቂ የሌላት ልጅም አለችው። ወጪውን የሸፈነለት ሰው ከሀብቱ ሲሶውን ይወስዳል። አንድ ነገር ብቻ አደራ ይላል፦ ምስጢሩን ለማንም እንዳትነግር።

ከዚያ ወደ ናይጄሪያ እንምጣ። በ1980ዎቹ የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ የአገሪቱ ኢኮኖሚ ተናጋ፣ የተማረ ሥራ አጥም በዛ። ያን ጊዜ ነው በፖስታ፣ በኋላ በፋክስ፣ ከዚያም በኢሜይል ደብዳቤዎች በዓለም ላይ የተበተኑት፦ ከነዳጅ ውል የተረፈ ገንዘብ አለ፣ በእርስዎ አካውንት እናውጣው፣ ብቻ ትንሽ የማስፈጸሚያ ክፍያ ያስፈልጋል። "419" የሚለው ስም የመጣው ማታለልን ከሚቀጣው የናይጄሪያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ ቁጥር ነው። ልብ በሉ፣ ናይጄሪያውያን ይህን ነገር አልፈጠሩትም። አውሮፓ ውስጥ መቶ ዓመት አልፎት ነበር፣ ራሳቸው ናይጄሪያውያንም ብዙ ተበልተውበታል።

"የሚታለለው ያልተማረ ነው" ለምትሉ ደሞ አንድ ልጨምር። እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1998 ባለው ጊዜ የአንድ የብራዚል ባንክ ኃላፊ 242 ሚሊዮን ዶላር የባንኩን ገንዘብ በዚሁ መንገድ ልኳል። በሌላው ጫፍ ያለው ሰው የናይጄሪያ ማዕከላዊ ባንክ ገዥ ነኝ ይለው ነበር። አቡጃ ላይ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ እንሠራለን፣ አንተም ኮሚሽን ታገኛለህ ተብሎ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ወረቀት ላይ እንኳ አልነበረም። የባንክ ሰው እንዲህ ከሆነ እኔ ማን ነኝ?

ከእነዚህ ሁሉ አንድ ነገር ተማርኩ። ውሸቱ ሁሌም የዘመኑን ዜና ለብሶ ነው የሚመጣው። አብዮት ሲኖር የሸሸ መኳንንት፣ ጦርነት ሲኖር እስረኛ፣ ነዳጅ ሲኖር የነዳጅ ውል። ኪራይና ኑሮ ሲወደድ ደግሞ ብድር! ልብሱ ይቀየራል፣ አጥንቱ ግን ያው ነው። አንድ ትልቅ ገንዘብ ተቆልፎበታል፤ የቁልፉን ዋጋ አንተ ትከፍላለህ፤ ፍጠን ትባላለህ፤ አንዴ ከከፈልክ በኋላ ሁልጊዜ ሌላ ቁልፍ ይኖራል።

ብድሩ ግን ከሌሎቹ በአንድ ነገር ይለያል፣ ያመመኝም እሱ ነው። የሳጥኑና የኮሚሽኑ ወጥመድ ያልለፋበትን ገንዘብ የፈለገ ሰው ላይ የተጠመደ ነው። የብድሩ ግን ከነወለዱ እከፍላለሁ ብሎ ባጀቱን ያሰበ ሰው ላይ ነው። እኔ ሎተሪ አልጠበቅኩም፤ የለመንኩት ዕዳ ነበር። አሜሪካኖች ይህን ቀደም ብለው አይተውታል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽናቸው በ1995 ባወጣው የስልክ ሽያጭ ደንብ፣ ብድር በእርግጠኝነት ታገኛለህ ብሎ ቃል የገባ ሰው ብድሩን ሳይሰጥ በፊት ክፍያ እንዳይጠይቅ ከልክሏል። ፈላጊው የተቸገረ ስለሆነ ነዋ ሕግ ያስፈለገው።

በመስከረም መጀመሪያ ለባለቤቴ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ዝም ብላ ሰማችኝና አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ "150 ሺህ ሊሰጡህ ከሆነ፣ 4,500ውን ለምን ከዚያው ላይ አይቀንሱትም?"

በቃ። ሁለት ወር ያነበብኩትን ሁሉ በአንድ ጥያቄ ጨረሰችው። ያን ቀን ማታ፣ ገና የመጀመሪያውን ሳልከፍል ብነግራት ኖሮ ያው ጥያቄ 18,300 ብር ያድን ነበር። የስፔኑ እስረኛ "ለማንም እንዳትነግር" የሚለው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እኔን ግን ማንም ዝም በል አላለኝም፤ ያፈንኩት ኀፍረቴ ነው። የአስተማሪ ኀፍረት ደሞ ታውቁታላችሁ፣ "ቲቸር እንዴት ይሸወዳል?" ይባላል።

ከዚያ ለፖሊስ አመለከትኩ፣ የላክሁበትን ደረሰኝ ሁሉ ይዤ። ገንዘቡ እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ የባልደረባዬን ዕዳ ግን ከፍዬ ጨርሻለሁ። ሌላው ያደረግኩት ነገር ክፍል ውስጥ ማስተማር ነው። ስለ ፈረንሳይ አብዮት ስናወራ የቪዶክን ደብዳቤ ነገርኳቸው፣ ቀጥዬ የራሴን። ሳቁ። ይሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ደወል ከተደወለ በኋላ ግን አንድ ልጅ ቀረና ዝቅ ባለ ድምፅ "ቲቸር፣ እናቴም ከፍላለች፤ ለአባቴ አልነገረችውም" አለኝ።

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚያች እናት ነው። እዚህ ገጽ ላይም እንደሷ ዝም ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ብድር ለመልቀቅ ቅድሚያ ክፈሉ የሚላችሁ ሰው ካለ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ለአንድ ሰው ንገሩ። ከፍላችሁ ከሆነም ሁለተኛውን አትክፈሉ፣ ደረሰኛችሁን ያዙና አመልክቱ። የከፈላችሁት ቢቀር እንኳ የሚቀጥለው ይተርፋል።

ለሚጠቅመው ሰው አጋሩት። ቸር እንሰንብት።