የጃፓን የሸራ ማሠልጠኛ መርከቦችና ወደብ አገባባቸው

በጃፓን በየዓመቱ በጁላይ ወር የሚከበረው «የባሕር ቀን» መነሻው አንዲት መርከብ ወደብ የገባችበት ዕለት ነው። ንጉሠ ነገሥት ሜጂ በ1876 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሰሜኑን የአገራቸውን ክፍል ጎብኝተው ሲመለሱ፣ ሜጂ ማሩ በተባለችው መርከብ ተሳፍረው ጁላይ 20 ቀን ዮኮሃማ ደረሱ። ይህች በ1874 ግላስጎው ላይ የተሠራች መርከብ ያን ጊዜ የባሕር መብራት ማማዎችን ታገለግል የነበረ ሲሆን፣ ኋላ ግን በ1875 ለተመሠረተው የቶኪዮ የንግድ ባሕረኞች ትምህርት ቤት ተሰጥታ የዕጩ መኮንኖች መለማመጃ ሆናለች።

ዮኮሃማ በ1859 ለውጭ ንግድ ከተከፈተ በኋላ ከሠላሳ ዓመታት በላይ ትልልቅ መርከቦች የሚጠጉበት ድልድይ ስላልነበረው፣ መርከብ ሁሉ ራቅ ብሎ መልሕቁን ይጥል፣ ሰውና ጭነትም በጀልባ ይመላለስ ነበር፤ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሄንሪ ስፔንሰር ፓልመር በነደፈው ዕቅድ የተሠራው የብረት መጠጊያ የተጠናቀቀው በ1894 ነው።

እንፋሎትና ናፍጣ ሸራን ከንግድ ባሕር ባስወጡበት ዘመን ጃፓን መኮንኖቿን በሸራ ማሠልጠኗን አልተወችም። በ1927 የካጎሺማ ትምህርት ቤት መርከብ ኪሪሺማ ማሩ ከቾሺ ባሻገር በማዕበል ሰጥማ 53 ሰዎች ሲያልቁ፣ መንግሥት የወሰደው እርምጃ ሸራን መተው ሳይሆን ከእርሷ የሚበልጡና የሚጠነክሩ ሁለት መርከቦችን ማሠራት ነበር። ኒፖን ማሩና ካይዎ ማሩ የተባሉት እነዚህ እኅትማማቾች በ1930 በኮቤ በካዋሳኪ መርከብ ሠሪ ድርጅት ተሠሩ፤ ኒፖን ማሩ 97 ሜትር የምትረዝም፣ አራት ደቀል (የሸራ ምሰሶ) ያላትና 29 ሸራ የምትዘረጋ ስትሆን፣ ነፋስ ሲጠፋና ወደብ ሲገባ የሚያገለግሉ ሁለት የናፍጣ ሞተሮችም ነበሯት። ውሳኔው ድፍረት የተሞላበት ቢመስልም ትክክለኛ ነበር፤ ነፋስን ማንበብንና በአንድ ድምፅ መሥራትን የሸራ ገመድ ያህል የሚያስተምር የለምና።

የዚህ ትምህርት ፍሬ ጎልቶ የሚታየው መርከቧ ወደብ ስትገባ ነው። ዕጩዎቹ ጠዋት ጠዋት በባዶ እግራቸው ተንበርክከው የእንጨቱን ወለል ለሁለት በተከፈለ የኮኮናት ልጥ ይፈትጋሉ፤ ወደቡ ሲቃረብም ሸራ በሚንጠለጠልባቸው አግዳሚ እንጨቶች ላይ ወጥተው እያንዳንዱን ሸራ ጠቅልለው ያስራሉ፤ ጠባብ ወደብ ውስጥ ነፋስን አምኖ መግባት አይቻልምና። ከውጭ አገር የመጣች እንደሆነ በመርከቧ ላይ በሽታ አለመኖሩን የሚያስታውቅና የመግቢያ ፈቃድ የሚጠይቅ ቢጫ ባንዲራ ትሰቅላለች፤ ከዚያም ቀጭን የመወርወሪያ ገመድ ወደ መጠጊያው ይጣልና፣ የምድር ሠራተኞች እርሱን ስበው በጫፉ የታሰረውን ወፍራሙን ገመድ ይቀበላሉ። ከወደብ ስትወጣ ደግሞ ዕጩዎቹ በአግዳሚዎቹ ላይ ተሰልፈው፣ «በደህና ቆዩ» እንደ ማለት ያለውን «ጎኪገን ዮ» የተባለ ስንብት ሦስት ጊዜ ይጮኻሉ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይህን ሥርዓት አቋረጠው። በ1943 የኒፖን ማሩ ሸራዎችና አግዳሚዎች ወርደው መርከቧ በሞተር ብቻ ትሠራ ጀመር። ከእርሷ የምትቀድመው የ1904 ሠራሽ ማሠልጠኛ ታይሴ ማሩ ደግሞ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ በኦክቶበር 1945፣ ኮቤ ወደብ ውስጥ በባሕር ፈንጂ ሰጠመች፤ ውቅያኖስ ያላጠፋት መርከብ ደርሳ በተጠጋችበት ወደብ መጥፋቷ እጅግ ያሳዝናል። ኒፖን ማሩ በዚያው ዘመን ሸራ አልባ እንደሆነች ከ25,000 በላይ ጃፓናውያንን ከባሕር ማዶ ወደ አገራቸው መለሰች፤ ለእነዚህ ተመላሾች ወደብ መድረስ የመትረፍ ያህል እንደነበር መገመት አያዳግትም። ሸራዎቿ የተመለሱላት በ1952 ነው።

ኒፖን ማሩ በ1984 ጡረታ ስትወጣ 36 ሸራ ያላት፣ ስሟንም የወረሰች አዲስ መርከብ ተተካች። አሮጊቷ ኒፖን ማሩ ከ1985 ጀምሮ በዮኮሃማ በቀድሞ የመርከብ መጠገኛ ገንዳ ውስጥ ለሕዝብ ክፍት ሆናለች፤ በተወሰኑ ቀናትም በጎ ፈቃደኞች ደቀሎቿ ላይ ወጥተው 29ኙንም ሸራ ይዘረጋሉ።