ለእጅ ባትሪያችሁ የትኛው ድንጋይ? 14500፣ 18650 ወይስ 21700

በእኛ አነጋገር «ባትሪ» ማለት መብራቱ ነው፤ ውስጡ የሚገባው ደግሞ «ድንጋይ» ይባላል። እዚህም እንደዛው እንቀጥላለን። የምናወራው ቻርጅ ስለሚደረጉት የሊቲየም ድንጋዮች ነው። ኪስ ውስጥ የሚገቡት ግን ብርሃናቸው ኃይለኛ የሆኑ ትናንሽ ባትሪዎች የሚሠሩት በነሱ ነው።

ነገሩ የዕቃ ምርጫ ብቻ አይደለም። ጫሞ ዳር ጉማሬ ሌሊት ከውሃ ወጥቶ ሳር ይግጣል። ሙዙን በሌሊት የሚያጠጣ ገበሬ ወይም ከጨንቻ ገበያ አምሽቶ በእግሩ የሚመለስ ሰው መሀል መንገድ ላይ ባትሪው ቢጠፋበት ጉድ ነው። ስለዚህ «ስንት ሉመን ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ስንት ሰዓት ያበራልኛል?» በሉ።

📌 ቁጥሩ ምንድነው?
18650 ሲባል ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ያለው 0 ቅርጹ ክብ ዘንግ መሆኑን ይነግራል። መጠኑን እንጂ አቅሙን አይናገርም። አቅሙን የሚናገረው እንደ ስልካችሁ ሁሉ ሚሊ አምፒር ሰዓት ነው።

👉 14500፦ የሪሞት ድንጋይ ያህላል። አቅሙ ከ800 እስከ 1000 አካባቢ።
👉 18350፦ አጭር ነው። ከ900 እስከ 1200 አካባቢ።
👉 18650፦ በብዛት የሚገኘው እሱ ነው፤ አሮጌ ላፕቶፕና ፓወር ባንክ ውስጥም አለ። ጥሩው ከ3000 እስከ 3500።
👉 21700፦ ትንሽ ወፈር፣ ትንሽ ረዘም ይላል። ከ4000 እስከ 5000። ቴስላ ሞዴል 3 መኪናውን በ2017 እ.ኤ.አ. ማስረከብ ሲጀምር የተጠቀመው ይህን መጠን ነው።
👉 26650፦ 5000 አካባቢ ይይዛል፤ ግን ለኪስ ወፍራም ነው።

⚠️ 14500 የሪሞት ድንጋይ ቢመስልም አንድ አይደሉም። የሪሞቱ 1.5 ቮልት፣ ይሄኛው 3.7 ቮልት ነው። ባትሪው 14500 እንደሚቀበል ካልተጻፈበት አትክተቱ፤ ያቃጥለዋል።

📌 ስንት ሰዓት ያበራል?
ሒሳቡ ቀላል ነው። ጥሩ ኤልኢዲ በ1 ዋት 100 ሉመን አካባቢ ይሰጣል። ስለዚህ 1000 ሉመን ወደ 10 ዋት ይበላል። በዚህ ብርሃን 14500 ወደ 20 ደቂቃ፣ 3500 የሆነ 18650 ወደ 1 ሰዓት ከ15፣ 5000 የሆነ 21700 ደግሞ ወደ 1 ሰዓት ከ45 ይሄዳል። ብርሃኑን ወደ 200 ሉመን ዝቅ ካደረጋችሁት ያው 18650 6 ሰዓት ያህል ይቆያል። ለመንገድ 200 ሉመን በቂ ነው፤ ትልቁን ብርሃን ራቅ ያለ ነገር ማየት ስትፈልጉ ብቻ አብሩት።

«10,000 ሉመን» የሚል የኪስ ባትሪ ካያችሁ በዚሁ ሒሳብ ፈትኑት። 100 ዋት ይፈልጋል ማለት ነው። አንድ 18650 ከ8 ደቂቃ በታች ነው የሚችለው፤ ባትሪውም ከዚያ በፊት በእጅ አይያዝም፣ ይግላል።

📌 ውሸቱን እንዴት እንለይ?
18650 ላይ «9900» ተጽፎ ካያችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ። በዚህ መጠን 9900 የሚይዝ የለም። ሌላው መፈተኛ ሚዛን ነው። ትክክለኛ 18650 ከ45 እስከ 50 ግራም፣ 21700 ደግሞ 70 ግራም አካባቢ ይመዝናል። 18650 ሆኖ ከ40 ግራም በታች ከሆነ ተጠራጠሩ።

📌 ከመግዛታችሁ በፊት
ባትሪያችሁ የሚቀበለውን መጠን እዩ። 21700 የሚቀበል ባትሪ 18650ን በማስገቢያ ቱቦ ሊቀበል ይችላል፤ በ18650 ልክ የተሠራ ግን 21700ን አያስገባም። መከላከያ ያለው ድንጋይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሚረዝም መግባቱን እዛው ሱቅ ሞክሩ። ባትሪው 3000 ሉመንና ከዚያ በላይ ከሆነ ድንጋዩ ቢያንስ 10 አምፒር መስጠት መቻሉንም ጠይቁ።

📌 እንዳያቃጥላችሁ
• ላስቲኩ የተላጠ ድንጋይ አትጠቀሙ። ጎኑ በሙሉ ኔጌቲቭ ስለሆነ በቀላሉ ሾርት ያደርጋል።
• ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ አትክተቱ።
• 4.2 ቮልት ላይ በራሱ የሚያቆም ቻርጀር ተጠቀሙ፤ ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ አትተኙ።
• ያበጠ፣ የተጎዳ ወይም የሚያፈስ ከሆነ ቻርጅ አታድርጉት፤ ከቤት ቆሻሻ ጋርም አትጣሉት።
• የአርባ ምንጭ ፀሐይ ላይ፣ ባጃጅ ዳሽቦርድ ላይ አትተዉት። ሙቀት ዕድሜውን ይበላል። ጨንቻና ዶርዜ ብርድ ላይ ደግሞ አቅሙ ትንሽ ይቀንሳል፤ ጋቢ ሥር፣ የውስጥ ኪስ ውስጥ ያዙት።

✅ በአጭሩ፦ ለአብዛኛው ሰው 18650 ይበቃል፤ በቀላሉ ይገኛል፣ መለወጫ አያጣም። ሌሊቱን ሙሉ ለሚሠራ ጥበቃ፣ ዓሣ አጥማጅና ገበሬ 21700 ይሻላል። 14500 ለቤትና ለመጠባበቂያ ነው። የትኛውንም ብትመርጡ አንድ የሞላ ትርፍ ድንጋይ በፕላስቲክ ማቀፊያ ያዙ።

ሌሊት የሚሠራ ወዳጅ ካላችሁ ሼር አድርጉለት።