የሚኒ ሚዲያ ዘመን

ስለ ዩኒቨርሲቲያችን ታሪክ ብዙ ተጽፏል። እኔ ደግሞ ብዙዎቻችን ከሁለተኛ ደረጃ ይዘነው ስለመጣነው ስለ ሚኒ ሚዲያ ትንሽ ላንሳ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ገና አልነበረም፤ የጀመረው በ1992 ዓ.ም. ነው። ተማሪው የራሱ ጉዳይ ሲወራ የሚሰማው ከግቢው ሞንታርቦ ነበር። ያለን ዕቃ አንድ ማጉያ፣ አንድ ማይክና አንድ ቴፕ ነው። የአገሩን ዜና ማታ ከሬዲዮ እየሰማን በደብተር ወረቀት እንገለብጣለን። የግቢውን፣ ማለትም የፈተና ፕሮግራሙን፣ የኳስ ውጤቱንና የጠፋ መታወቂያውን፣ ራሳችን እንሰበስባለን። ኃላፊው መምህር ካልፈረመበት አይነበብም። የእረፍት ደወል ሲደወል አስር ደቂቃ እናነባለን፣ አለቀ!

ከሁሉም የሚከብደው ዜና የኤድስ ነበር። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን በ1970ዎቹ መጨረሻ ከታወቁ በኋላም፣ ሰፈር ውስጥ «ሳንባ ነው»፣ «ምች ነው» ይባል ነበር። ስሙን ጮክ ብለው የሚጠሩት የፀረ ኤድስ ክበቡና ሚኒ ሚዲያው ናቸው። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ እኛም ያኔ ዋርድ ገብተን ነበር። እስከዚያ ድረስ ልናቀብል የምንችለው ትክክለኛ መረጃ ብቻ ነበር። ዛሬም ለታካሚ የተጣራውን፣ በአጭሩና በሚገባው አማርኛ ስነግር የዚያን ማይክ ትምህርት እጠቀምበታለሁ።

ዜናው ግን አንዴ ተነቦ ወረቀቱ ይጣላል፣ ካሴቱም ሌላ ይቀዳበታል። እባካችሁ፣ የቆየ ካሴት ወይም የዜና ደብተር ያላችሁ ለማኅበራችን ስጡ። የሰማነው እያለን ካልተጻፈ ታሪኩ አብሮን ይሄዳል።