ሰይፍ ዋጩና የፍራይቡርጉ ሐኪም

ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ኩስማውል በሕክምና ታሪክ ውስጥ ስማቸው በሁለት ነገር ይነሳል። አንደኛው የስኳር ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 የስኳር ሕመምተኞች ራሳቸውን ሊስቱ ሲሉ የሚያሳዩትን ጥልቅና አድካሚ አተነፋፈስ ገልጸው ጻፉ፤ ሐኪሞች ይህን አተነፋፈስ ዛሬም በእሳቸው ስም ይጠሩታል። ሁለተኛው ስድስት ዓመት ይቀድማል፤ ሰይፍ ዋጭም አለበት።

በ1868 ኩስማውል በፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። በሕይወት ያለ ሰው ጨጓራ ውስጡ ምን እንደሚመስል ማየት ፈልገዋል። ግን ቀጥ ያለ ብረት በጉሮሮው ሲወርድ የማያስመልሰው ሰው ከየት ይገኛል? በከተማው ትርዒት የሚያሳይ ሰይፍ ዋጭ መኖሩን የነገራቸው ረዳታቸው ነው ይባላል። ሰውየው ራሱን ወደ ኋላ ጣለ፤ 47 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 13 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ በአፉ ገባ። ብርሃኑ ከውጭ የሚነድ ፋኖስ ነበር፤ በመስተዋት ተንጸባርቆ ወደ ቱቦው ይላካል።

ክርክሩ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ኩስማውል ሙከራውን ዘርዝረው አላሳተሙትም፤ አብዛኛው ዝርዝር የደረሰን ቆይቶ ከጻፉ ሰዎች፣ በተለይም ከሐኪሙ ጉስታቭ ኪሊያን ነው። ስለዚህ አንዳንዶቹ ኩስማውል ከጉሮሮ ቧንቧ አላለፉም ሲሉ፣ ሌሎቹ ጨጓራ ገብተዋል ይላሉ። የቱቦውን ልክ ልብ እንበል። በአዋቂ ሰው ከፊት ጥርስ እስከ ጨጓራ አፍ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። 47 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ከሆነ ጨጓራ ደርሷል። ማየቱ ግን አልሆነላቸውም፤ ብርሃኑ ደካማ ነበር፣ የጨጓራው ፈሳሽም ጋረዳቸው። ለእኔ የዚያ ቀን ክብር ግማሹ አንገቱን ለሳይንስ የሰጠው ሰይፍ ዋጭ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ብዙ ነው፤ በአጭሩ እንለፈው። በ1956 ማርጎት ሻይነር ለንደን ውስጥ በቱቦ ከትንሹ አንጀት ናሙና ወሰዱ። በ1957 የክሮስቢ ካፕሱል መጣ፤ ታካሚው ይውጠዋል፣ በራጅ ቦታው ይታያል፣ አየር ሲሳብ ውስጡ ያለው ምላጭ ቅንጣት ሥጋ ይቆርጣል። በዚያው ዓመት ባሲል ሂርሾዊትዝ ሚሺጋን ላይ በመስታወት ክሮች የተሠራ ተጣጣፊ ኢንዶስኮፕ ለሕክምና አዋሉ። ዛሬ በእንዲህ ያለ ቱቦ ውስጥ ትንሽ መቆንጠጫ ተልኮ ናሙናው ይነሳል።

የስኳር ሕመምተኛን ይህ የአንጀት ናሙና አወሳሰድ በቀጥታ ይመለከተዋል። በዓይነት 1 ስኳር ሰውነት የራሱን ቆሽት ያጠቃል፤ እንዲህ ያለ ሰው በስንዴና በገብስ ውስጥ ባለው ግሉተን ምክንያት አንጀት የሚጎዳበት ሲሊያክ የሚባለው በሽታም ይበዛበታል። ከሌላው ሕዝብ ከ100 አንድ ሰው ያህል ሲይዘው፣ ከእነሱ ከ20 አንዱን ገደማ ያገኘዋል። ምግቡ በሚገባ ስለማይሰርግ ኢንሱሊኑን በልኩ ተወግቶም ስኳሩ ድንገት ሊወርድበት ይችላል። የደም ምርመራው ካመለከተ ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ ቢያንስ አራት ቅንጣት ይነሳል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ የጤነኛው ገጽ እንደ ፎጣ ፀጉራም ነው፤ የተጎዳው ተመልጦ ይገኛል።

ግሉተን ለረጅም ጊዜ ሳይበላ የቆየ ሰው አንጀቱ አገግሞ ናሙናው ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ጤፍ ግሉተን የለውም። ስለዚህ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ብቻ የሚበላ ታካሚ ከምርመራው በፊት ይህንን ለሐኪሙ ይንገር።