«አስደንጋጭ አምጪ» ወይስ አርጋቢ?

ለስፖርት መኪና የፊትና የኋላ አሞርዛቶር እንዴት እንደሚመረጥ የሚያስረዳ የአማርኛ ጽሑፍ ስፈልግ ደጋግሞ የገጠመኝ ቃል «አስደንጋጭ አምጪ» ነው። ይህን ያነበበ ሰው የሚገባው የሚያስደነግጥ ነገር ይዞ የሚመጣ ዕቃ ነው። ዕቃው የተሠራው ግን ለተቃራኒው ነው። ሌሎች «ድንጋጤ መጣጭ» ብለዋል፤ ድንጋጤ የልብ እንጂ የብረት አይደለም። በገዛ ቋንቋችን እንዲህ ሲጻፍብን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሲጀመር ሁለቱም የተገለበጡበት የእንግሊዝኛ ስም፣ «ሾክ አብዞርበር»፣ ራሱ ልክ አይደለም። የጉድጓዱን ምት የሚቀበለው ሞላው ነው። ሞላ ግን ከታመቀ በኋላ ይዘረጋል፣ እንደገና ይታመቃል፣ መኪናውን ያነጥራል። ይህን የሚያስተወው ዘይት የያዘው ቱቦ፣ ማለትም አሞርዛቶሩ፣ ነው፤ ፒስተኑ ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳ ሲያሳልፍ የንዝረቱ ጉልበት ሙቀት ይሆናል። የጋራዡ «አሞርዛቶር» ለእውነቱ ይቀርባል፤ የጣልያንኛው ቃል ሥር ሞት ነው፣ ንዝረትን መግደል።

ታዲያ በአማርኛ ምን እንበለው? «አብራጅ» አንድ ሰሞን ልቤን ወስዶት ነበር፤ ጠብ አብራጅ እንደምንለው። ነገር ግን ዕቃው ሲሠራ ይግላል፣ ስሙም ከራዲያተር ሥራ ጋር ይምታታል። እኔ የምመርጠው «ንዝረት አርጋቢ» ነው፣ ሲያጥር «አርጋቢ»። የተወጠረ ገመድ ይረግባል፤ በሰዎች መካከል የከረረ ነገርም ይረግባል። ረገበ ስንል በአንዴ ጠፋ ማለታችን አይደለም፤ ኃይሉ እየቀነሰ ሄደ ማለታችን ነው። ዕቃው የሚያደርገውም ልክ ይህንኑ ነው። ሥሩ ደግሞ ወላድ ነው፦ ማርገብ፣ አረጋገብ፣ ያልረገበ። ሞላው ሲጨመቅ ያለውን «የመታመቅ አረጋገብ»፣ ሲመለስ ያለውን «የመዘርጋት አረጋገብ» ብንል ማስተካከያ ቁልፍ ያለውን አርጋቢ የሚገዛ ሰው የትኛውን እንደሚያጠብቅ ያውቃል።

ቃሉን በፖርሽ 911 ላይ ልሞክረው። ሞተሩ ከኋላ አክሰል በስተጀርባ ስለተቀመጠ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉ የሚያርፈው ከኋላ ነው። ስለዚህ የፊቱና የኋላው አርጋቢ አንድ ዓይነት ሊሆኑ አይችሉም፤ እያንዳንዱ ለተሸከመው ክብደትና ለአጠገቡ ሞላ ይመረጣል። አርጋቢው ለሞላው ከሚገባው በላይ ከጠነከረ ጎማው አባጣ ጎርባጣውን መከተል ያቅተውና ከመንገዱ ይላቀቃል፤ ከላላ ደግሞ መኪናው መታጠፊያውን ከጨረሰ በኋላም መወዛወዙ አይረግብም።