የብራና መጻሕፍት ቅጅ ለአንባቢ የደረሰበት መንገድ

የአንድ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት የሚመዘነው በመጻሕፍቱ ብዛት ብቻ አይደለም፤ የተፈለገው ጽሑፍ ለፈላጊው በምን ያህል ጊዜና ድካም እንደሚደርስም ሊታይ ይገባል። ለዚህ ምርመራ ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. በሚል ምሕጻረ ቃል የታወቀው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል።

ሥራው እ.ኤ.አ. በ1973 ዓ.ም. የተጀመረው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና በአሜሪካ፣ በሚኔሶታ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የብራና ቤተ መጻሕፍት ትብብር ነው። ከዚያ በፊት በገዳም ያለ ብራና ለማንበብ የፈለገ ሰው ብዙውን ጊዜ እስከ ገዳሙ መጓዝ፣ ከደረሰም በኋላ ዕቃ ቤቱ እንዲከፈትለት መለመን ነበረበት። በአዲሱ ሥራ ግን ብራናው ከባለቤቱ ዘንድ ሲቀር ምስሉ ለአንባቢ ተዘጋጀ። በዚህ ዐይነት 9,000 ያህል ብራናዎች ተነሡ፤ ፊልሙም በዐዲስ አበባና በሚኔሶታ ተቀመጠ።

ይሁን እንጂ ፊልም በሣጥን መቀመጡ ለአንባቢ ደረሰ ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ብራና ቁጥር ቢሰጠውም፣ በውስጡ ያለው ካልታወቀ ማን ይጠይቀዋል? ይህን ያቃናው ካታሎጉ ነው። የመጀመሪያው ቅጽ በዊልያም ማኮምበር ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1975 ታተመ፤ በ1976 ወደዚያ የሄዱት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ሥራውን ለብዙ ዓመታት መሩት። እስከ 1993 ድረስ ዐሥር ቅጾች ወጥተው 5,000 ብራናዎችን ዘረዘሩ። ስለዚህም ተማሪው ቁጥር 1832 በ13ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌል መሆኑን ከቅጹ ተረድቶ ቅጅውን ለመጠየቅ ቻለ። ከ5,000 በላይ ያሉት ግን የታተመ ዝርዝር ስላልነበራቸው፣ ከሌሎቹ ጋር በአንድነት ተቀምጠው ሳሉ ከአንባቢ ዐይን ርቀው ቆዩ።

ከፊልሞቹ ብዙዎቹ ወደ ዲጂታል ተለውጠው፣ በኢንተርኔት ንባብ ክፍል ይታያሉ። ቀድሞ በፖስታ ይጠበቅ የነበረው ቅጅ አሁን በደቂቃ ይደርሳል። ሆኖም ይዘቱ በትክክል ያልተመዘገበ ምስል በኮምፒዩተርም ቢሆን ፈልጎ አይገኝም።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ግልጽ ነው። የወረቀትና የዲጂታል ስብስብ ያላቸው ቤተ መጻሕፍት ሁለቱን በአንድ ቁጥር ሊያገናኙ፣ በጥያቄው ወረቀት ላይ ቁጥሩና የሚፈለገው ቅጠል እንዲጻፍ ሊያደርጉ፣ ተጠይቆ ያልተገኘውንም መዝግበው ሊይዙ ይገባል። ከሁሉ በላይ ግን ግእዝ አንብቦ የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል፤ እርሱ ከጠፋ መሣሪያው ብቻውን ብራናውን ለአንባቢ አያደርስም።