ቦኖ፣ ወረፋና ቀበሌ

ስለ ከተማ ታሪክ ሲነሣ ቤተ መንግሥቱ፣ ሐውልቱና አደባባዩ ይቀድማሉ። የሕዝብ ቧንቧና የጋራ መጸዳጃ ቤት ታሪክ ያላቸው አይመስለንም። እኔ ግን የሰፈርን ሰው ጎረቤት ካደረጉት ነገሮች መካከል እነርሱን ከፊት አስቀምጣለሁ።

የቧንቧ ውኃ አዲስ አበባ የገባው በ1886 ዓ.ም. ገደማ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ከእንጦጦ ወደ ግቢያቸው ባስሳቡ ጊዜ ነው። ውኃው መጀመሪያ የቤተ መንግሥት ነበር። ኋላ ወደ ሰፈር ሲወርድ «ቦኖ» ተባለ። ቃሉ በጣልያንኛ ኩፖን ማለት ነው፤ አስተናጋጅ የሚቆርጠውም ቦኖ ከዚያው የመጣ ነው። ውኃው በኩፖን ይቀዳ ስለ ነበር ስሙ በዚያው የጸና ይመስለኛል።

ባሕር ዳር ሌላ ዕድል ገጠማት። በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ፖሊ ቴክኒኩ፣ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልና የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ተሠሩላት፤ ማክስ ጉተር የተባለ ጀርመናዊም ማስተር ፕላን ነደፈላት። ዳሩ ግን ፕላን ጎዳና ያሰምራል እንጂ ለየጓሮው ውኃ አያደርስም። ጣና በእግሯ ሥር ተኝቶ ሳለ የቧንቧ ውኃዋ በአብዛኛው የመጣው ከምንጭና ከጉድጓድ ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 47 አወጀ። አዋጁ አዲስ አበባን ብቻ አይመለከትም ነበር፤ ባሕር ዳርንም፣ እንደ አንበሳሜ ያሉትን ትንንሽ ከተሞችም ነካ። የቀበሌ ማኅበራት እስከ 100 ብር የሚከራዩትን ቤቶች ኪራይ እየሰበሰቡ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ገበያና መንገድ እንዲያቋቁሙ አደራ ተሰጣቸው። ከንጉሥ ግቢ የጀመረው አገልግሎት በሕግ የሰፈርተኛው ጉዳይ ሆነ።

አደራውን ግን ሁለት ነገሮች ሰበሩት። አንደኛው ገንዘብ ነው፤ ኪራዩ ዝቅ ብሎ ለዓመታት እዚያው ስለ ቆመ ጣሪያ ማደሻ እንኳ አልተረፈም። ሁለተኛው ፍርሃት ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን፣ ስኳር በራሽን የሚያድለው ቀበሌ ሰው የሚታሰርበትም ሆነ። «ቀበሌ» ጥንት መንደር፣ አካባቢ ማለት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ እናቶች ጆሮ የበር መንኳኳት ድምፅ ሆነ። ሰው የሚፈራውን ደጅ «ቧንቧው ተሰብሯል» ብሎ ደፍሮ አያንኳኳም። የተሰበረውም እንደ ተሰበረ ይቀራል።

ዛሬ ቧንቧ ከግቢው የገባለት ሰው እሰየው ይበል። በእንስራና በጀሪካን ጀርባቸው የጎበጠ እናቶችን እያሰብሁ የወረፋን ዘመን አልናፍቅም። ነገር ግን የጋራ መጸዳጃ ቤት፣ የሰፈር መንገድና የጎርፍ ቦይ ዛሬም ያለ ጋራ ባለቤት አይኖሩም። እነዚህን የሚሠራ እጅ ብቻ አይበቃም፤ በየወሩ የሚጠግን ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ሳይፈሩ ገብተው የሚጠይቁትም ደጅ ያስፈልጋል።